ስኳር ላለባት ጾመኛ እናት ምን ዓይነት ጣፋጭ ቤት ውስጥ ይሠራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ሻይና ቡናዋን ያለ ስኳር ለምዳለች፣ ጣፋጭ ነገር ግን መተው አልቻለችም። ባለፈው ተደብቃ ቦምቦሊኖ ስትበላ አገኘኋት። ልደቷ ደግሞ በጾሙ መሀል ነው። በማር ወይም በቴምር ብሠራላት ይጎዳታል? ምን ልሥራላት?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አትቆጫቸው። ተደብቆ የሚበላ ጣፋጭ ከሁሉም የከፋው ነው፤ በጥድፊያ ይበላል፣ መጠኑ አይታወቅም፣ ከምሳው ላይ አይቀነስም፣ ማታ ሲለኩ ቁጥሩ ለምን እንደወጣ ማንም አያውቅም። በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። «ፈጽሞ አትንኪ» የተባለ ሰው ለጥቂት ሳምንት ይችላል፣ ከዚያ ይደብቃል። ስለዚህ ጣፋጩን ከጓዳ አውጥተን ገበታ ላይ እናስቀምጠው።

አዎ፣ እናትሽ ጣፋጭ ይበላሉ። በጾምም ይበላሉ። ግን ስኳርን በማር መቀየር ብቻውን ምንም አይፈታም። ጣፋጩ ትንሽ ይሁን፣ ቅባትና ፋይበር (የማይፈጭ የምግብ አሰር) ባለው ነገር ላይ ይሠራ፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው ይበላ፣ በእሱ ልክ ደግሞ ከእንጀራው ይቀነስ። ይሄ የመጨረሻው ነው የሚረሳው። ሰው ጣፋጩን «ጤናማ ነው» ብሎ ይሠራና በሙሉ ምሳ ላይ ይጨምረዋል። በጾም ወቅት ምሳው ራሱ እንጀራ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚመጣ ነገር፣ የቱንም ያህል ጤናማ ቢሆን፣ ስኳሩን ይሰቅለዋል።

አሁን ወደ ማሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 21 ግራም ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 17 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። በዚያው ማንኪያ የተሰፈረ ነጭ ስኳር 12 ግራም ገደማ ነው። ማር ከባድ ስለሆነ ነው ልዩነቱ የመጣው። ከስኳር ትንሽ ይጣፍጣል፣ ስለዚህ ያነሰ ሊበቃሽ ይችላል፣ ደም ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ግን ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን ከስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የቆጠራቸው። «የጫካ ማር ነው፣ ንጹሕ ነው» የሚለውን ብዙ እሰማለሁ። ንጹሕ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ለስኳር ሕመም ግን ለውጥ የለውም።

ቴምር ትንሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ፋይበር አለው። ግን ቁጥሩን እይው። ትልቁና ለስላሳው ቴምር አንዱ ብቻ ወደ 16 ግራም ስኳር ይዟል፣ ማለት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ትንሹና ደረቅ ያለው አንዱ ከ5 እስከ 6 ግራም ካርቦሃይድሬት (ስኳር፣ ስታርችና ፋይበር አንድ ላይ) አለው። ስለዚህ «ስኳር የለውም፣ በቴምር ነው የተሠራው» ሲሉሽ ስንት ቴምር ገባበት ብለሽ ጠይቂ። እኔ የምጠቀመው ትንሹን ነው፤ እሱንም ቆጥሬ።

ከውጭ የሚገዛውን «የጾም ኬክ» ደግሞ እርሺው። ጾም የሆነው እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ስለሌለው ነው እንጂ ነጭ ዱቄቱና ስኳሩ እንዳለ ነው። ጭማቂ ቤት የሚሠራው ስፕሪስም እንደዚሁ፤ አቮካዶው ጥሩ ነው፣ ከላዩ የሚፈስበት ቀይ ሽሮፕና አብሮት የሚፈጨው ስኳር ነው ችግሩ። ከሱፐርማርኬት የሚገኘው «ስኳር የሌለው» ብስኩትም ብዙውን ጊዜ ከነጭ ዱቄት ነው የሚሠራው። ማሸጊያው ላይ ስኳር የሚለውን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት የሚለውን መስመር አንብቢ።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ከባድ ነገር አለ፣ እባክሽ እንዳትዘይው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን (ፓንክሪያስን) ቀስቅሶ ስኳር አውራጁን ኢንሱሊን የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ጠዋት ተውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ስኳርን በጣም ሊያወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። እናትሽ እንደሚጾሙ ሐኪማቸው ያውቃሉ? ካላወቁ ከጣፋጩም ከልደቱም በፊት እዚያ ሂዱ፤ የሚወሰድበት ሰዓት ወይም መጠኑ ሊቀየር ይችላል፣ ምናልባትም መድኃኒቱ ራሱ። ራሳችሁ ግን እንዳትቀይሩት። የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ። ለሕመምተኛ ሰዓቱን ማሳጠር አዲስ ነገር አይደለም፣ ብዙ እናቶች ግን ከአባት አፍ ካልሰሙት አይቀበሉትም።

ላብ ላብ ካላቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ግራ ከተጋቡ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ያን ጊዜ ጾም የለም፣ ጤናማ ጣፋጭም የለም። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አጠጫቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚው፣ ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። ከታች የማስተምርሽ የአቮካዶና የለውዝ ጣፋጭ እዚህ ጋ አይረዳም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም መዋጥ ካልቻሉ በአፋቸው ምንም አታድርጊ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

እሺ፣ አሁን ወደ ማድ ቤት።

በጣም የምወደው የአቮካዶ ክሬም ነው። በደንብ የበሰለ አንድ ትልቅ አቮካዶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያልገባበት የካካዋ ዱቄት፣ አራት ትናንሽ ቴምር፣ ትንሽ ቀረፋ፣ በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው። ቴምሩን ፍሬውን አውጥተሽ በጥቂት ሙቅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ ልጣጩ መላቀቅ ሲጀምርና በጣትሽ ስትጫኚው እንደ ሊጥ ሲሆን ደርሷል። መጀመሪያ ቴምሩን ብቻውን ከነውኃው ፍጪው። ከአቮካዶው ጋር አብረሽ ከከተትሽው ቴምሩ ሳይደቅ አቮካዶው ያልቃል፣ ከዚያ ምላስ ላይ ቁርጥራጩ ይመጣል። ቀጥሎ አቮካዶውን፣ ካካዋውን፣ ቀረፋውንና ጨውን ጨምሪና ማንኪያ ላይ እስኪቆም ፍጪው። ከወፈረብሽ አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃ። አራት ትናንሽ ሲኒ ላይ አከፋፍይው። በአንድ ሲኒ ካርቦሃይድሬቱ ወደ 10 ግራም ነው፣ ከዚያም አራት ግራም ያህሉ ፋይበር ነው። ከአንድ ቦምቦሊኖ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከፍሪጅ እንደወጣ አታቅርቢው። ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጣፋጭነት ይደበቃል። ከመብላታቸው በፊት ሩብ ሰዓት ውጭ ይቆይ። በዚያው ቴምር የበለጠ ይጣፍጣል፣ «ትንሽ ስኳር ጨምሪበት» የሚለውን ልመና ያስቀርልሻል። ጨውም ለዚሁ ነው፤ የካካዋውን ምሬት ያለዝባል። ቀረፋ፣ ቫኒላና ኮረሪማ ደግሞ ራሳቸው ስኳር ሳይኖራቸው ጠረናቸው ምላስን ያታልላል። ኮረሪማ በጣፋጭ ውስጥ ማስገባት ያልለመድሽ ከሆነ ሁለት ፍሬ ወቅጠሽ ሞክሪው፣ ከካካዋ ጋር በጣም ይስማማል።

ሁለተኛው ተልባ ነው። ይሄ ቤታችን ውስጥ ያለ፣ በጾም የምናውቀው፣ ግን ማር ጨምረን የምንጠጣው ነገር ነው። እናትሽ በማንኪያ የሚበሉት እናድርገው። ተልባውን ለስ ባለ እሳት አምሺው፣ መንጣጣት ሲጀምር አውርጂው፤ ካረረ ይመራል። ፈጭተሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሰጂና አንድ ብርጭቆ ስኳር ያልገባበት የአኩሪ አተር ወይም የለውዝ ወተት ውስጥ አማስይው። አሥር ደቂቃ ቆይተሽ እንደገና አማስይው፣ አለዚያ ታች ይረጋል። ከዚያ ለሁለት ሰዓት ፍሪጅ። ሲወጣ ወፈር ያለ ነው፣ ከማንኪያው ላይ እየተሳበ ይወርዳል። አንዳንድ ሰው መሳቡን አይወድም፤ ለእንደዚያ ዓይነቱ ሰው ተልባውን ወደ አንድ ማንኪያ ተኩል አውርጂው። ከላይ አራት አምስት እንጆሪ ቆራርጠሽ ወይም ግማሽ ዘይቱን (ጉዋቫ)። ዘይቱን የማይወደድ ፍሬ ነው በከንቱ፤ 100 ግራሙ 5 ግራም ያህል ፋይበር አለው፣ እንደ ማንጎም አይጣፍጥም። የለውዝ ወተቱን ራስሽ ብትሠሪው ይሻላል፣ የሚሸጠው አብዛኛው ስኳር አለበት።

ተልባ ጋ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ውኃ ከጠጡ ነው የሚጠቅማቸው፣ ካልጠጡ ሆድ ያደርቃል። መድኃኒታቸውንም ከተልባው ጋር አብረው አይዋጡ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለያዩት፣ ፋይበሩ መድኃኒቱን ሊይዘው ይችላል።

ጊዜ ከሌለሽ ደግሞ ፓፓያ ቁረጪ፣ ሎሚ ጭመቂበት፣ ዝንጅብል ፈቅፍቂበት፣ ከላይ የተቆላ ሰሊጥ በትኚበት። አበቃ። 100 ግራም ፓፓያ 11 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። ማንጎና ሙዝም የተከለከሉ አይደሉም፣ ግማሽ ይበቃል። ፍሬውን ግን በማኘክ ይብሉት። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ሦስት ብርቱካን ይጨመቃል፣ ፋይበሩ ወንፊት ላይ ይቀራል፣ እሳቸውም በሁለት ጉንጭ ይጨርሱታል። ሦስት ብርቱካን ልጠሽ ብትሰጫቸው ሁለተኛው ላይ ይበቃቸው ነበር።

ጣፋጩ የሚበላበት ሰዓት ከአሠራሩ እኩል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ ቴምርና ሻይ ከዳቦ ጋር መጀመር የተለመደ ነው፣ ለእናትሽ ግን በጣም መጥፎው ነው። መጀመሪያ ጎመንና ሰላጣው፣ ቀጥሎ ምስሩ ወይም ሽሮው ከእንጀራው ጋር፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጩ። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲገባ ከበኋላው የሚመጣው ስኳር ቀስ ብሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። አራት ሰዓት ማታ ቴሌቪዥን ፊት የሚበላው ያው ጣፋጭ ሌላ ቁጥር ያሳይሻል። ከበሉ በኋላ ደግሞ 10 ወይም 15 ደቂቃ በግቢው ዞር ዞር ይበሉ፣ ቡናው እስኪፈላ።

ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ለሳቸው ይሠራል ወይ? የኔን ቃል ብቻ አትመኚ፣ ለኪ። አንድ ቀን የተለመደውን ምሳ ያለ ጣፋጭ ይብሉና መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኪያቸው። ሌላ ቀን ያንኑ ምሳ፣ እንጀራውን አንድ ጥቅል ቀንሰሽ፣ ከአቮካዶው ክሬም ጋር ስጫቸውና በዚያው ሰዓት ለኪ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡና ከ180 በታች ከሆኑ ጣፋጩ ቦታውን አግኝቷል። ከዘለለ መጠኑን ቀንሺ፣ ወይ እንጀራውን እንደገና ቀንሺ። የአንዱ ሰው ሰውነት ከሌላው ይለያል፣ ስለዚህ የጎረቤት ልምድ ላይ አትንጠልጠይ። የሦስት ወሩ ምርመራ ሲደርስም ቁጥሮቹን የጻፍሽበትን ደብተር ይዘሽ ሂጂ፣ ሐኪሙ ያንን ደብተር ሲያይ ደስ ነው የሚለው።

ስለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ አልጠየቅሽኝም፣ ግን መጠየቅሽ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ ማጣፈጫ መጠቀምን አልመክርም ብሏል፤ ያ ምክር ግን ቀድሞውኑ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም፣ መመሪያው ራሱ ነው ያወጣቸው። በኔ እምነት በመጠኑ ቢጠቀሙ ችግር የለውም፤ ክሬሙ ላይ ሁለት ቴምር አስቀርተሽ በምትኩ ትንሽ ስቴቪያ (ከቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ) ማድረግ ትችያለሽ። አስፓርቴም ያለበትን ግን ለሚጋገር ነገር አታድርጊ፣ በሙቀት ጣዕሙ ይጠፋል። በዱቄት መልክ የሚሸጠውን ስትገዢ ደግሞ ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮዝ የሚል ካየሽ ማብዣው ራሱ የደም ስኳርን የሚያወጣ ካርቦሃይድሬት መሆኑን እወቂ። ከሁሉ የምመርጠው ግን ምላሳቸውን ቀስ በቀስ ማስለመድ ነው። ሻይ ያለ ስኳር የለመዱ ሴት ናቸው እኮ! ከባዱን ተሻግረውታል። በየሳምንቱ አንድ ቴምር ብትቀንሺ አይታወቃቸውም።

ኩላሊታቸው እንዴት ነው? ስኳር ለዓመታት ሲቆይ ኩላሊትን ስለሚነካ ነው የምጠይቅሽ። ሐኪም «ፖታስየም ቀንሺ» ካላቸው አቮካዶ፣ ቴምርና ሙዝ ሦስቱም ፖታስየም የበዛባቸው ናቸው፣ ለውዙም ፎስፈረስ አለው። ያን ጊዜ ከላይ ያልኩሽን ሁሉ አቁሚና ዝርዝሩን ይዘሽ ከሚያክማቸው ሰው ጋር ተነጋገሪ።

አሁን የልደቱ ኬክ። በጤፍ ዱቄት ነው የምንሠራው። ጤፍ ከፉርኖ ዱቄት የበለጠ ፋይበር አለው፤ ቀለሙም ጥቁር ጤፍ ከሆነ ከካካዋ ጋር ተስማምቶ ቸኮሌት ኬክ ይመስላል። አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ፣ ሩብ ኩባያ ካካዋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ቀረፋና ቁንጥር ጨው በወንፊት ንፊ፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ለውዝ መልሰሽ ጨምሪው። በእንቁላል ፋንታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በስድስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጠሽ ለ10 ደቂቃ አስቀምጪ፤ እንደ እንቁላል ነጭ መሳብ ሲጀምር ዝግጁ ነው። በሌላ ዕቃ አንድ በደንብ የበሰለ ሙዝ ዳምጪ፣ ተዘፍዝፎ የተፈጨ ስድስት ትናንሽ ቴምር፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ አንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተትና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። ሶዳው ሎሚውን ሲያገኝ ነው ኬኩ የሚነሣው፣ ስለዚህ ሎሚውን እንዳትረሺ።

ተልባውንም ጨምረሽ ሁሉንም አዋህጂና ወዲያው ኦቭን ውስጥ አትክተቺው። ሊጡ 10 ደቂቃ ይቀመጥ። ጤፍ ውኃ ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ካልጠጣ ኬኩ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከዚያ በ175 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፤ መሀሉን በስንጥር ወግተሽ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ አውጪው። ኦቭን ከሌለሽ ወፍራም ድስት ውስጥ፣ ከሥሩ ማስቀመጫ አድርገሽ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ በለስላሳ እሳት ይወጣል፣ ጊዜው ግን ይረዝማል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጪው። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ የሚያያይዘው ተልባው ብቻ ነው፣ በትኩሱ ከቆረጥሽው ይፈረፈራል።

በክሬም ፋንታ ከላይ የአቮካዶውን ክሬም ግማሹን ቀብተሽ እንጆሪ ደርድሪበት። 12 ቦታ ቁረጪው። አንዱ ቁራጭ ክሬሙ ሳይቆጠር ወደ 17 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፣ ከክሬሙ ጋር ወደ 19 ይደርሳል። ለእናትሽ አንድ ቁራጭ፣ ከምሳው በኋላ ወዲያው፣ የዚያን ቀን እንጀራቸው ግማሽ ሆኖ፣ ድንችና ሩዝ ገበታው ላይ ሳይኖር። ለሌላውም እንግዳ ከዚሁ ኬክ አቅርቢ፤ ለሳቸው ብቻ ለብቻ የሚሠራ «የሕመምተኛ ኬክ» ካለ አጠገቡ ያለውን ነው የሚመኙት። የተረፈውን አንድ አንድ ቁራጭ ለይተሽ ጠቅልይና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ፣ ሲያምራቸው አንዱን ራሳቸው ያወጡታል።